የእንግዳችን ቋንቋ

የሴቶቹ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። ከደፉ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ነጠላ ጫማ፣ ሸራ ጫማ፣ ተረከዙ የተሰበረ የቆዳ ጫማ ተደርድሯል። መስጊድ በር ላይ እንደሚደረደረው ነው። ይሄ ነገር ትንሽ አረጋጋኝ። ጫማ እየወለቀ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች አሉ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። የኔንም አውልቄ ከመጨረሻው ጎን አስቀመጥኩ።

ያን ቀን ጠዋት ነው ጌጃ ሰፈር ካለው ቤታችን የወሰዱኝ። በዚያ ሰሞን ከየሰፈሩ ወጣት ይለቀም ነበር። እኔ ደግሞ የታሰረ የክፍሌ ልጅ እንዲፈታ የሚጠይቅ ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ አጋርቼ ነበር። የመጡት ሰዎች ጨዋ ነበሩ። እናቴን «እማማ» እያሉ ለጥያቄ ብቻ እንደምፈለግና እንደምመለስ ነገሯት። ስልኬን ያዙ። አንደኛው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የፈረንሳይኛ ልቦለድ አንስቶ ገለጥ ገለጥ አደረገና ምን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ትምህርቷ ነው» አለች።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ፈረንሳይኛን «ትምህርት» ብላ ስትጠራው ያኔ የመጀመሪያዋ ነበር። ሰውየው መጽሐፉን መልሶ አስቀመጠው።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመጀመሪያ ምርጫዬ ሕግ፣ ሁለተኛው አካውንቲንግ ነበር። ፈረንሳይኛን የሞላሁት ቦታው ባዶ እንዳይቀር ብዬ ነው። እሱው ደረሰኝ። እናቴ ወሎዬ ናት፤ አባቴ ከሞተ በኋላ በልብስ ስፌት ነው ያሳደገችን። ዜናውን ስነግራት መቀሷን አስቀምጣ «ታዲያ ከማን ጋር ልታወሪበት ነው?» አለችኝ። ልታሾፍብኝ አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። የሰፈር ልጆች «ቦንዡር» የሚል ስም አወጡልኝ። ታክሲ ተራው ጋ ሳልፍ ወያላው ሳይቀር «ቦንዡር፣ ሜክሲኮ ነሽ?» ይለኛል።

ዲፓርትመንታችን አንድ ኮሪደር ነበር። አብረውኝ የተመደቡት አብዛኞቹ እንደኔው ሳይመርጡ የመጡ ናቸው። ዋናው መምህራችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም በፈረንሳይኛው ወግ «ሙሴ»፣ ማለት «አቶ»፣ ነበር የምንላቸው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ግማሽ በአንድ ድምፅ የፈጁት ይመስለኛል። ከንፈራችሁን ለፉጨት እንደምታደርጉት አሹሉ፣ ከዚያ ሳታነቃንቁት «ኢ» በሉ ይሉናል። የእጅ መስታወት ይዘን መጥተን፣ ክፍሉ ሙሉ አፉን አሹሎ ሲቀመጥ፣ በኮሪደሩ የሚያልፉ የሌላ ዲፓርትመንት ልጆች በሩን ገርበብ እያደረጉ ይስቁብን ነበር። እኔም ቤቴ ገብቼ ዲፓርትመንት መቀየር ስለሚቻልበት መንገድ አስብ ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የተለወጥኩት። ሙሴ አንድ የቆየ ተውኔት በየተራ ጮክ ብለን እንድናነብ ሰጡን። አንዲት ገረድ ለጌታዋ በጣም በትሕትና ትመልስለታለች። ትሕትናዋ ውስጥ ግን ስድብ አለ። ሳላስበው ሳቅሁ። ሌላ የሳቀ አልነበረም። ሙሴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «እንኳን ደህና መጣሽ» አሉኝ። ንባቡም ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ፈረንሳይኛ የደረሰኝ ሳይሆን የኔ ሆነ። ታክሲ ውስጥ አነብባለሁ። እናቴ ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ለራሴ ጮክ ብዬ አነብባለሁ፤ እሷም «ዛሬ ደግሞ ምን ሆኑ?» ትለኛለች፣ እንደ ተከታታይ ድራማ እየተረኩ እነግራታለሁ። የያዙኝ ጊዜ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌን ላቀርብ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረኝ።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ስፋቱ ከእናቴ የስፌት ቤት ብዙም አይበልጥም። ከላይ ብረት ያለው ጠባብ መስኮት አለ። ሽታው እርጥብ ብርድ ልብስ፣ በረኪናና ሽንኩርት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቅቤ የሚሸጡ ትልቅ ሴት ነበሩ፤ ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ተጣልተው ነው የገቡት። «እትዬ» እንላቸዋለን። ማን እንደሆንኩ ከመጠየቃቸው በፊት መብላት አለመብላቴን ጠየቁኝ። አልበላሁም ነበር። ከራሳቸው ስንቅ ቆርሰው ሰጡኝ።

እየበላሁ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠች ሴት አየሁ። የእናቴ እኩያ ትሆናለች። ግዙፍ ናት፤ ሹሩባዋ ከሥሩ ላልቷል። በስስ አበባማ ቀሚሷ ላይ የሰው ጋቢ ደርባለች።

«እንግዳችን ናት» አሉኝ እትዬ። «ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም። ቋንቋ የላትም።»

በክፋት አልነበረም ያሉት። ሁሉም በእጅ ነው የሚያነጋግራት። ለመብል ጣታቸውን ወደ አፍ፣ ለመተኛት መዳፋቸውን ወደ ጉንጭ ያደርጋሉ። እሷም ፈገግ ትልና ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ከገባች ጀምሮ ብዙ ታወራ እንደነበር፣ የሚሰማት ስታጣ ግን እያደር ዝም እንዳለች በኋላ ነገሩኝ።

ሰሃን የምትሰበስብ አንዲት ልጅ የእንግዳችንን እግር ረገጠችና «ውይ፣ ይቅርታ» አለቻት። ሴትየዋ ቀና ሳትል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ምንም አይደለም የኔ ልጅ ብላ መለሰች። የመለሰችው በፈረንሳይኛ ነው።

እጄ ላይ ያለው ጉርሻ እንደያዝኩት ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ፈረንሳይኛን የሰማሁት ከሙሴ፣ ከክፍል ጓደኞቼና ከቴፕ ነው። ለፈተና፣ ለውጤት፣ ለመድረክ የሚነገር ቋንቋ ነበር። እግሯን የተረገጠች ሴት ልጅቷን ለማጽናናት ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም። ቶሎ ብዬ ማናገር ነበረብኝ፤ ግን አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ እስር ቤት ውስጥ ተቀምጬ የምጨነቀው ግሡን እንዳልሳሳት ነበር። ዓረፍተ ነገሬን በልቤ አዘጋጅቼ፣ አስተካክዬ፣ ጨርሼ ነው የተነሳሁት። አጠገቧ በርከክ ብዬ «ደህና ዋሉ እመቤቴ፣ ፈረንሳይኛ ይናገራሉ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። መዳፏ ሻካራና ሙቅ ነበር። መናገር ጀመረች፤ እንደ ዝናብ ወረደች። ግማሹ አልገባኝም። ቀስ ይበሉልኝ እላታለሁ፣ ትንሽ ቀስ ትልና ደግሞ ትፈጥናለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። እትዬ ከኋላዬ ቆመው ምን እንዳለች እንድነግራቸው እጄን ይነካኩኛል። ክፍሉ በሙሉ ዙሪያችን ተሰብስቧል።

ከኮንጎ ነበረች፣ ከሉቡምባሺ። ጨርቅ ትነግዳለች። አዲስ አበባ የመጣችው የሚያዋጣ ዕቃ ለማየት ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። አንድ ቀን ዳቦ ልትገዛ ወጣች። መንገድ ላይ መታወቂያ የሚጠይቁ ፖሊሶች ገጠሟት። ፓስፖርቷ ቤት ነበር። «ፓስፖርት» የሚለውን ቃል ሁሉም ይረዳል፤ የት እንዳለ ግን ማስረዳት አልቻለችም። የሰፈሩን ስም አታውቀውም። የአከራይዋን ስልክ የያዘው የእጅ ስልኳ ተወስዷል። ልጇ ሉቡምባሺ ጎረቤት ጋር ነው፤ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም። ይህን ስትነግረኝ ነው ያለቀሰችው።

እኔም እየተንተባተብኩ ላጽናናት ሞከርኩ። ትንሽ ሰማችኝና በእንባዋ መካከል ሳቀች። መጽሐፍ ነው የምትናገሪው አለችኝ። ለካ ትናንት የሆነውን ነገር ስነግራት የምጠቀመው ግሥ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ዓይነት ነው፤ ሉቡምባሺ ገበያ ውስጥ እንደዚያ የሚናገር ቄስም የለም አለች። ቁጥር ስንቆጥርም ተለያየን። እኔ ሰባን እንደተማርኩት «ስልሳ አሥር» ስላት፣ እሷ ደግሞ ለሰባ ራሱን የቻለ ቃል ነበራት። የትኛው ነው ትክክል ስላት «ገበያ ላይ የማያሳስተው» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱን እንፈልግ አልን። ምን እንደምታስታውስ ጠየቅኳት። ከታች በርሜል እየቀጠቀጡ ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የግቢው በር አረንጓዴ ነው። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከመርካቶ ጀምሮ ስንት አለ። በመስኮትዎ ሌላ ምን ይሰማሉ አልኳት። አሰበች። ከዚያ አንድ እጇን አፏ ጎን አድርጋ፣ በአፍንጫዋ፣ ልክ የወያላ ድምፅ አውጥታ «ብነት ብነት ብነት ብነት» አለች።

ክፍሉ በሙሉ በአንድ ላይ «አብነት!» ብሎ ጮኸ።

ተረኛዋ ፖሊስ በሩን ደበደበችብን። እኛ ግን መሳቅ ማቆም አልቻልንም። እንግዳችን ምን እንዳሳቀን ሳይገባት አብራን ትስቃለች። ሲገባት ደግሞ ወያላውን እየደጋገመች ታሰማን ጀመር። እትዬ ሆዳቸውን ይዘው «ይቺ ሴት ቋንቋ የላትም ብዬ! ከኛ በላይ አላት እንጂ» አሉ። ያን ጠዋት እነሱም ፈረንሳይኛ ሲናገሩ እንደኖሩ ነገርኳቸው። ቢሮ፣ ጋራዥ፣ ሾፌር፣ ለገሃር። እትዬ አላመኑኝም፤ ወደ እንግዳችን ዞረው ቀስ ብለው «ጋ-ራ-ዥ» አሏት። እሷ በደስታ አጨበጨበች። እትዬ ቀኑን ሙሉ «ፈረንሳይኛ ስችል ማንም ሳይነግረኝ» እያሉ ዋሉ።

ረፋዱ ላይ ሁለታችንም ተጠራን። ፈረንሳይኛ የምትናገር ልጅ መግባቷ ተሰምቷል። መርማሪው ወጣት ነበር። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ሻይ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ በዝቶበታል፣ ይህች ሴት ደግሞ እንዲዘጋ የሚፈልገው ፋይል ናት።

«የት ነው የተወለድሽው በያት» አለኝ።

ፈረንሳይኛም በዚህ እንደ አማርኛ ነው፤ ለትልቅ ሰውና ለማያውቁት የሚባል አለ፣ ለልጅና ለወዳጅ የሚባል አለ። እሱ «አንቺ» ብሎ የሰጠኝን እኔ «ቩ» ብዬ፣ ማለት «እርስዎ» ብዬ አሳለፍኩላት። መጀመሪያ አስቤበት አልነበረም። የእናቴን እኩያ ሴት በሌላ መንገድ ለመጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ ነው። ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ ግን እያወቅኩ ቀጠልኩበት። «ለምን መጣሽ» ሲል «ለምን መጡ»፣ «ዝም በይ» ሲል «ትንሽ ይታገሡ» አልኳት። እሷም ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ለሰው እንደምትመልስ ሰው መለሰች።

ጥያቄው ረጅም አልነበረም። ቃሏ ቀደም ብሎ ተጽፎ ነበር። ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረገውና እንድትፈርም ንገሪያት አለኝ። አነበብኩት። ያለ ምንም ሰነድ ወደ አገር መግባቷን፣ ማንነታቸውን የማትገልጻቸው ሰዎች እንዳስገቧት አምናለች ይላል። ቋንቋ ሳይግባቡ ማን ይህን እንደነገረው አላውቅም። እያንዳንዱን መስመር ወደ ፈረንሳይኛ አዞርኩላት። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

እንግዳችን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ይህን አላልኩም፣ ፓስፖርቴ ቪዛ የተመታበት ነው፣ ያለውም አብነት የሚባል ሰፈር ነው አለች። ቃል በቃል ነገርኩት።

«አብነት የት?» አለ። በርሜልና አረንጓዴ በር ብዬ ስነግረው ፈገግ አለ። ሰው በበርሜል ቤት እንደማይፈልግ ነገረኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ብትፈርም ቶሎ ወደ አገሯ እንደምትላክ፣ ለእሷም እንደሚሻላት፣ የኔንም ፋይል የያዘው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ ተማሪ መሆኔንና ፈተና እንዳለብኝ እንደሚያውቅ ተናገረ። ዝም ብለሽ «ፈርሚ» በያት፣ አንቺን ትሰማለች አለ።

እውነቱን ነበር፤ ትሰማኝ ነበር። ብላት ኖሮ ትፈርም ነበር። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ሙሴ፣ ጽሑፌ፣ አቀራረቤን የተለማመድኩበት የመስታወት ቁራጭም ትዝ አለኝ።

«የተጻፈውን አንብቤላታለሁ» አልኩት። «አልፈርምም ብላለች።»

«አንቺ ምን አገባሽ?»

«አስተርጉሚ ብለውኛል፤ እያስተረጎምኩ ነው።»

እንግዳችን ክንዴን ነካ አድርጋ ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ምን አገባሽ እንዳለኝ ነገርኳት። ወደ እሱ ዞራ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በቁጣ አይደለም፣ ልጅ ሲያጠፋ እንደሚታይ ነው። እሱ ዓይኑን ወደ ሻዩ መለሰ። ወደ ክፍላችን ተመለስን።

ያን ዕለት የኔ ስንቅ አልገባም። እናቴ በር ላይ ደርሳ ተመለሰች። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ማንም ምክንያቱን አልነገረኝም፤ ማስረዳትም አያስፈልገውም ነበር። እትዬ ፍርፍራቸውን ለሁለት ከፈሉ፤ ሌሎቹ ከየሳህናቸው አጎረሱኝ። እንግዳችን ስንቅ የሚያመጣላት ሰው ስለሌላት ሁልጊዜ የምትበላው ከክፍሉ ነው፤ ያን ቀን ግን የደረሳትን እንቁላል ልጣ ግማሹን ለኔ ሰጠችኝ። እየበላን ሳለ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እዚህ ከገባች ጀምሮ «አንቺ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ኖራለች፤ ልጆቹ እርስ በርስ ይባባሉበታል፤ ለእትዬ ግን ማንም ብሏቸው ሰምታ አታውቅም። ሰውየው ስንት ጊዜ «አንቺ» እንዳላት ሰምታለች። አንቺ ግን ሁሉንም «ቩ» አደረግሽው አለችኝ።

አዎ አልኳት።

እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ በእኔና በአንቺ መካከል «ቱ» ይሁን አለችኝ። «አንቺ» በዪኝ ማለቷ ነው። በዲፓርትመንታችን የፈረንሳይን ባህል ስንማር ይህን የምትፈቅደው ታላቅየዋ እንደሆነች ተምረናል፤ ሲፈቀድልኝ ግን ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ አሁን «አለች»፣ «ሳቀች» እያልኩ የምጽፈው ስለፈቀደችልኝ ነው።

ስንቅ በተከለከልኩ በሦስተኛው ቀን እናቴን በሽቦው ማዶ እንዳያት ፈቀዱልኝ። ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አስራለች። ከስታለች። አብሽሪ አለችኝ፤ እኔም አብሽሪ አልኳት። ብዙ ጊዜ ስለሌለን ቶሎ ብዬ የእንግዳችንን ነገር ነገርኳት። አብነት፣ በርሜል ቀጥቃጮች፣ አረንጓዴ በር፣ ፎቅ ላይ ያለች ክፍል፣ ሰማያዊ ሻንጣ። እናቴ ፊቷ ጠቆረ።

«እኔ የመጣሁት አንቺን ላስፈታ ነው። አንቺ ደግሞ ሰው አስፈቺልኝ ትይኛለሽ?»

«ልጅ አላት እማ። የት እንዳለች አያውቅም።»

ጊዜው አለቀ፤ ፖሊሷ እንድመለስ ነገረችኝ። እናቴ መንገድ ከጀመረች በኋላ ዞር ብላ ሴትየዋ ለብርድ የሚሆን ልብስ እንዳላት ጠየቀችኝ። የደረበችው የሰው ጋቢ እንደሆነ ነገርኳት። ሄደች።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። እናቴ በዚያው ከሰዓት አብነት ወረደች። መዶሻ እየሰማች ከአንዱ ቀጥቃጭ ወደ ሌላው ዞረች። በመጨረሻ አንዱ የኮንጎዋን ሴት አውቆ አረንጓዴውን በር አሳያት። አከራይዋ ፈርታ ነበር። የውጭ ሰው አስቀምጠሻል ተብዬ እኔም እታሰራለሁ ብላ ሻንጣውን አላስነካም አለች። እናቴ አልተከራከረችም። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሰላት ሲደርስ እዚያው ሰገደችና ተመልሳ ተቀመጠች። አከራይዋ እያየቻት ትገባለች፣ ትወጣለች። በመጨረሻ ውሃ አመጣችላት፤ ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች። ሲመሽ ሁለቱ ሴቶች ሻንጣውን ይዘው አብረው ለመሄድ ተስማሙ። በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ፓስፖርቱ ሻንጣው ውስጥ ነበር፤ ቪዛውም አላለፈም። መርማሪው አገላብጦ አየው። እናቴ እንደምትለው «ማን አምጪ አለሽ?» ሲላት፣ «ቤቱን ያገኘሁት በበርሜል ነው» ብላዋለች። እሱ ስለ በርሜል ምን ብሎኝ እንደነበር እንኳ አታውቅም ነበር።

እንግዳችን የወጣችው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ስሟ ሲጠራ የደረበችውን ጋቢ አወለቀች፤ አራግፋ፣ አራት ማዕዘኑን አጋጥማ አጥፋ በሁለት እጇ ለእትዬ ሰጠቻቸው። እትዬ ውሰጂው ብለው መልሰው ትከሻዋ ላይ ጣሉት። እኔን አቀፈችኝ። ልትናገረው የፈለገችው ብዙ ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ደፉ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ክፍሉ ዞረችና፣ በጣም ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየረገጠች «እግዜር ያስፈታችሁ» አለች።

ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም። ወደ እትዬ ዞሬ አየሁ። እትዬ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

እኔ ከዚያም በኋላ ቆየሁ። ጊዜ ቀጠሮው ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ በኋላ በዋስ ተለቀቅኩ። ክስ የሚባል ነገር ቀርቦብኝ አያውቅም። የክፍል ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ጋውናቸውን ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ያየሁት ስልኬ ሲመለስልኝ ነው። ሙሴን ላያቸው ስሄድ የት እንደከረምኩ አልጠየቁኝም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ጽሑፌን መቼ እንደማቀርብ ጠየቁኝ። በተከታዩ ዓመት አቀረብኩ። ከፈታኞቹ አንዱ «ሰባ»ን የማይገባ አድርጌ እንደጠራሁት አስተያየት ሰጠ። ሉቡምባሺ እንደዚያ ነው የሚባለው ብዬ መለስኩ። ሙሴ በመነጽራቸው ሥር ሳቁ።

አሁን ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። ከሥራ በኋላ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው ተማሪዎቼ። ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታችን ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብተናል፤ የእናቴ ሲንጀር ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ጋ ቆሟል። አንዳንዴ ስለዚያ ክፍል ይጠይቁኛል፤ ሰው የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። የተወሰደብኝ አንድ ዓመት ነው፣ አልረሳሁትም። ግን ስለዚያ ጊዜ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ እትዬ «ጋራዥ» ሲሉ ነው።

እንግዳችን በዓል ሲደርስ በዋትሳፕ ትደውላለች። የኛን ዒድ ከየት እንደምታውቅ እንጃ፣ አይስታትም። መጀመሪያ መጀመሪያ የምትደውለው ለኔ ነበር፤ አሁን ለእናቴ ነው። ባለፈው በዓል እናቴ ስልኩን አንስታ በአማርኛ ስታወራ፣ ከዚያ ማዶ ያቺ በፈረንሳይኛ ስትመልስ ሰማሁና ላስተረጉም ተጠጋሁ። እናቴ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ተይን፣ እየተግባባን ነው» አለችኝ።

ብዙ አወሩ። አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ትስቃለች። እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱንም ወገን እሰማለሁ። እንግዳችን፣ ልጇ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ጥሩ ሥራ እንዳገኘ፣ የመጀመሪያ ደሞዙን ለእሷ እንደሰጣት ትተርካለች። እናቴ «አላህ ይጨርስለት፣ አላህ ይማረው» እያለች ትመርቃለች። ስልኩን ስትዘጋ ምን እንዳለቻት ጠየቅኳት።

«ልጇ ታሞባት ነበር» አለችኝ ሻሿን እያስተካከለች፣ «አሁን ግን ደህና ሆኗል። በጣም ነው ደስ ያላት።»

አላረምኳትም። እኔም በጣም ደስ እንዳለኝ ነገርኳት።